አጭሯን ክብሪት የሳበው ማን ነው?

ታናሽ ወንድማችሁ ደራሲ ከሆነ እግዜር ይሁናችሁ። ዘፋኝ ቢሆን ጆሯችሁን ይዛችሁ ታሳልፉታላችሁ። ሐኪም ቢሆን “ጨው ቀንሱ” ሲላችሁ “እሺ” ብላችሁ ትጨምራላችሁ። ደራሲን ግን ምን ታደርጉታላችሁ? እናንተ ሽሯችሁን ስትበሉ እሱ ጥግ ይዞ ዝም ብሎ ያያችኋል። ከስንት ዓመት በኋላ ያቺው ሽሮ በአገር ፊት ቀርባ ታገኟታላችሁ።

የእኔ ታናሽ ዳዊት ይባላል። እኛ ቤት ሦስት ወንዶች ነን፦ እኔ የመጀመሪያው፣ መስፍን መካከለኛው፣ ዳዊት የመጨረሻው። ያደግነው ጎፋ ነው፤ ሰው ለዳቦ በቀበሌ ካርድ በሚሰለፍበት ዘመን። አባታችን ለዘመቻ እንደሄደ ቀረ፤ እናታችን የሰው ልብስ እያጠበች አሳደገችን። ዛሬ እኔ ጀሞ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው የምኖረው። በአንድ መሥሪያ ቤት የመዝገብ ቤት ኃላፊ ነኝ፤ ማለትም ሰዎች የሚፈልጉትን ፋይል የማላገኝበትን ምክንያት በጨዋ ቋንቋ አስረዳለሁ። መስፍን የከባድ መኪና ሾፌር ነው፤ ዕድሜውን የፈጀው ጅቡቲና አዲስ አበባ መሃል እንደ ሸማኔ መወርወሪያ ሲመላለስ ነው። እናታችንን ይዞ እስከ ዛሬ እዚያው ጎፋ ይኖራል። ዳዊት ደግሞ ለቴሌቪዥን ድርሰት ይጽፋል።

አንድ ቀን ዳዊት ደወለልኝ።

“ጋሼ፣ የጻፍኩት ፊልም ሊታይ ነው። በችግር ዘመን ስላደጉ ሦስት ወንድማማቾች ነው።”

“ስለ እኛ?”

“ስማችንን ቀይሬዋለሁ።”

“ትልቁ ወንድም አለበት?”

“አለበት።” ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ “ጋሼ፣ መጀመሪያ ብቻህን ብታየው ጥሩ ነው” አለኝ።

ያልጠረጠረ ተመነጠረ ማለት ይሄኔ ነው። እኔ “ብቻህን እየው” ያለኝን “ታለቅሳለህ” ማለቱ ነው ብዬ ተረጎምኩት። ልጁ ውለታዬን በአገር ፊት ሊመሰክር ነው፤ እንባዬን ሰው እንዳያይብኝ አስቦልኝ ነው አልኩ። ስልኩን እንደዘጋሁ ባለቤቴን ጽጌን ጠርቼ ነገርኳት። በማግሥቱ መሥሪያ ቤት ነገርኩ። በሳምንቱ ዕድር ላይ “ልዩ ልዩ” የሚለው አጀንዳ እስኪደርስ ጠብቄ ነገርኩ። የሕንፃችን የቴሌግራም ግሩፕ ላይ፣ “የውሃ ታንከሩ ነገ ይታጠባል” ከሚለው ማስታወቂያ ሥር፣ “የሕይወት ታሪኬ እሑድ ዘጠኝ ሰዓት በቴሌቪዥን ይቀርባል፤ ቤቴ መጥታችሁ አብረን እንድናይ በአክብሮት ጋብዣለሁ” ብዬ ጻፍኩ። የሕይወት ታሪካችን እንኳ አላልኩም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ካልነገርኳችሁ የቀረው አይገባችሁም። ስለ ልጅነታችን የማወራው አንድ የታወቀ ታሪክ አለኝ። እኔ ሰባተኛ ክፍልን ደግሜ ስለነበር ከመስፍን ጋር በአንድ ዓመት ስምንተኛን ጨረስን። ያን ክረምት እናታችን ታመመችና ልብስ ማጠቡን ቀነሰች። ዳዊት ገና ሕፃን ነው። ስለዚህ ከሁለታችን አንዱ ትምህርቱን ትቶ ሥራ መግባት ነበረበት። እኔና መስፍን አልጋ ላይ ተቀምጠን ዕጣ ለማውጣት ተስማማን። ከሁለት የክብሪት እንጨት አንዷን ሰብሬ ሁለቱንም በመዳፌ ያዝኩ፤ መስፍን ሳበ፤ አጭሯ ወጣችለት። እሱ ወፍጮ ቤት ጆንያ መሸከም ጀመረ፤ እኔ ዘጠነኛ ገባሁ። “ለወንድሜ አዝኜ ትራሱ እስኪርስ አለቀስኩ” እያልኩ ነው የማወራው። ታሪኩን መጀመሪያ የነገርኩት ለጽጌ ነው፣ ገና ሳንጋባ። እሷም አልቅሳ ነበር። ከዚያ ወዲህ ለልጆቻችን፣ ለአማቾቼ፣ አንድ ጊዜም ለትራፊክ ፖሊስ ነግሬዋለሁ።

እሑድ ደረሰ። ከስምንት ሰዓት ጀምሮ ጎረቤት ይጎርፍ ገባ። ወንበር ስላነሰ ከሦስተኛ ፎቅ አግዳሚ ተዋስን። መስፍን እናታችንን ይዞ መጣ። እማዬ ሰማንያ ዓመት አልፏታል፤ የእኛ ሕንፃ ደግሞ ሊፍት የለውም። በየፎቁ እያረፈች፣ በየፎቁ ያገኘችውን ሰው እየመረቀች፣ በሠላሳ ደቂቃ አራተኛ ፎቅ ደረሰች። ከፊት ካለው ሶፋ ላይ አስቀመጥናት። ትንፋሿን ሰብስባ፣ “ክፈቱት እንግዲህ” ከማለቷ መብራት ጠፋ።

እኔ ሮጬ ቆጣሪ አየሁ። ቆጣሪው ምን ያድርግ፣ ሰፈሩ በሙሉ ጠፍቷል። “በስልክ እንየው” አለች ጽጌ። አሥራ አራት ሰው አንዲት ስልክ ላይ ተደፋን፤ ስልኳ ላይ ያለችው ክብ ነገር ትሽከረከራለች፣ ትሽከረከራለች፤ ፊልሙ ግን የለም። በመስኮት ድም ድም የሚል ድምፅ ሰማሁ። የከማል ጄኔሬተር!

ከማል ከሕንፃችን ሥር ቁርስ ቤት ያለው የስልጤ ልጅ ነው። ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ቴሌቪዥን ከእኔ ሳሎን ግድግዳ ይበልጣል። “ሁላችሁም ወደ ከማል!” አልኩ፣ እንደ ጦር አዛዥ።

“አሁን ነው እኮ የወጣሁት!” አለች እማዬ።

መስፍን የፕላስቲክ ወንበር አመጣ፤ እማዬን አስቀመጠና እሱ ከኋላ፣ እኔ ከፊት ሆነን አነሣናት። ከፊት መሆን ማለት ደረጃውን እያፈገፈጉ መውረድ ማለት ነው። ሁለተኛ ፎቅ ላይ ጀርባዬ ቀጭ አለ። እማዬ ከላይ ሆና፣ “ልጄን ቀስ በሉት፣ ወገቡን ያመዋል” ትላለች። የትኛውን ልጇን እንደሆነ ግልጽ አልነበረም፤ እኔ ራሴን አስቤ ተጽናናሁ።

ከማል ቤት ስንደርስ ሃያ የሚሆኑ ወጣቶች የእንግሊዝ ኳስ እያዩ ነው። እኔ ፊት ለፊት ቆሜ ስለ አገራዊ ኪነ ጥበብ፣ ስለ ቤተሰብ ፍቅር ንግግር አደረግኩ። “ጋሼ፣ ኳሱን ከልለውናል” የሚል መልስ አገኘሁ። ከዚያ እማዬ ከወንበሯ ላይ ሆና፣ “ልጆቼ፣ የእናንተ ኳስ ነገም ይኖራል። እኔ ነገ ስለመኖሬ ማን ያውቃል? የልጆቼን ነገር አሳዩኝ” አለች። እሺ አሉ። እውነቱን ለመናገር ቡድናቸው ሦስት ለዜሮ እየተመራ ስለነበር ሰበብ ያገኙ ይመስለኛል። አንዱ ሪሞቱን አንሥቶ ሰጠን።

ፊልሙ ተጀመረ። ቀበሌው፣ የዳቦው ሰልፍ፣ የተቀዳደደው የግድግዳ ወረቀት፣ ሁሉም አለ። ትልቁን ወንድም ሆኖ የሚሠራው ልጅ ሲመጣ ጽጌን በክርኔ ጎሸም አደረግኳት። መልከ መልካም ነው። መካከለኛው ግን ከትልቁ በግማሽ ጭንቅላት ይረዝማል፤ እውነት ነው፣ መስፍንም ይረዝመኝ ነበር። እናትየዋ ብቅ ስትል እማዬ ተቆጣች።

“ይቺ ናት እኔ? ከንፈሯን ቀብታ ልብስ የምታጥበው?”

“ፊልም ነው፣ እማዬ።”

“መጋረጃ ደግሞ ሰቅሏል። እኛ ቤት የት ነበር መጋረጃ? ለፊልሙ ሰጥቶ ለእኔ ሳይሰጠኝ!”

ወጣቶቹ ሳቁ። ከዚያ በኋላ ኳሱን የረሱት ለፊልሙ ብለው ይሁን ለእማዬ፣ አላውቅም። የአባትየው መሄድ ሲመጣ ግን እሷም ነጠላዋን ወደ አፏ አስጠጋች። ጄኔሬተሩ ብቻ ድም ድም ይላል።

ከዚያ የክብሪቱ ትዕይንት ደረሰ። እኔ ቀጥ ብዬ ተቀመጥኩ፤ የሸሚዜን ኮሌታ አስተካከልኩ። ሁለቱ ወንድማማቾች አልጋ ላይ ተቀምጠዋል። ክብሪቷን በመዳፉ የያዘው መካከለኛው ነው። “ዳዊት እዚህ ጋ ተሳስቷል፣ የያዝኩት እኔ ነኝ” ልል አፌን ስከፍት፣ በፊልሙ ውስጥ ትልቁ እጁን ዘረጋ፣ ሳበ፤ አጭሯ ወጣችለት።

ልጁ ክብሪቷን አያት። አልጋው ላይ ተደፍቶ ትራሱን ነክሶ ማልቀስ ጀመረ፤ ትከሻው እየዘለለ፣ እንደ ትንሽ ልጅ። መካከለኛው አየው። በእጁ የቀረችውን ረጅሟን አየ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ የወንድሙን ጣቶች አንድ በአንድ ፈታና አጭሯን ወሰደ፤ ረጅሟን በምትኳ አስያዘው።

“ተሳስተህ ነው” አለው። “ያንተ ይቺ ናት።”

ያን ድምፅ አወቅኩት። ተዋናዩን ማለቴ አይደለም። “ያንተ ይቺ ናት” ያለኝ የአሥራ አራት ዓመቱ መስፍን ድምፅ፣ የጣቶቹ ሙቀት፣ የትራሱ ሽታ ተመልሶ መጣ። ማልቀሴን መቼም አልረሳሁም። ለማን እንዳለቀስኩ ብቻ ነው ያዘዋወርኩት። መጀመሪያ ለጽጌ ስነግራት አውቄ ዋሸሁ፤ ቆንጆ ነበረች፣ ምን ላድርግ። ሁለተኛ ስናገር ትንሽ ዋሸሁ። አሥረኛ ጊዜ ላይ መዋሸቱን ተውኩ፤ አመንኩት። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ እኔ ደግሞ ሞኝም ነኝ፣ መዝገብ ቤትም ነው የምሠራው።

“ኧረ ጀግና ልጅ!” አለ ከኳስ ተመልካቾቹ አንዱ።

ከማል ሻይ ሲያድል ስለቆየ ማን ታላቅ ማን ታናሽ እንደሆነ አልያዘውም። የሻዩን ትሪ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ ዓይኑን በፎጣ ጠረገና ወደ እኔ ዞረ። “ጋሼ፣ ወላሂ ልቤን ነው የበሉት። ይሄ ረጅሙ ልጅ እርስዎ ነዎት አይደል?”

ሁሉም ዞሮ አየኝ። እኔ መስፍንን አየሁት። መስፍን ዓይኑን ከቴሌቪዥኑ ላይ ሳይነቅል፣

“አዎ፣ እሱ ነው” አለ።

እንዲሁ፣ በቀላሉ። ውሃ አቀብለኝ ሲሉት እንደሚያቀብል ሰው። ቤቱ አጨበጨበልኝ። አንዱ ወጣት ትከሻዬን መታ መታ አደረገ። ዝም ብል ያልፍ ነበር። ዝም ማለት ደግሞ ከሁሉ ይቀላል፤ ጥረት አይጠይቅም። አፍ ሲከዳ ከሎሌ ይብሳል ይባላል፤ የእኔ አፍ ግን አርባ ዓመት ሙሉ ታምኖልኝ ኖሮ ያን ቀን ነው የከዳኝ። ሳላስበው ተነሥቼ ቆሜያለሁ።

“አይደለሁም” አልኩ። “እኔ የሚያለቅሰው ነኝ።”

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ።

“አይ ትሕትና!” አለ ከማል።

“እውነቴን ነው። አጭሯን የሳብኩት እኔ ነኝ። የወሰደልኝ እሱ ነው፣ መስፍን።”

“ጋሼ፣ ይቀመጡ፣ ፊልሙን ከልለውታል” አለኝ ያው የቅድሙ ልጅ።

ሰው ሲዋሽ እንዲህ በቀላሉ ታምኖ፣ እውነት ሲናገር ቁጭ በል ይባላል? መስፍን የጃኬቴን ጫፍ ይጎትተኛል፤ “ተቀመጥ አንተ፣ ሰው ይስቅብሃል” ይለኛል በሹክሹክታ። አልቀመጥም አልኩ። በመጨረሻ እማዬ እጇን አነሣች።

“ልጄ እውነቱን ነው” አለች። “በሩ ላይ ቆሜ አይቻለሁ።”

ሁለታችንም ወደ እሷ ዞርን። መስፍን ከእኔ ይበልጥ ነው የደነገጠው።

“ከቦኖ ውሃ ይዤ ስመለስ በሩ ገርበብ ብሏል። ክብሪቷን ይዛችሁ አየኋችሁ። ይሄኛው ሲያለቅስ፣ ያኛው ሲለዋውጥለት አየሁ። ብገባ መምረጥ ነበረብኝ፤ ከልጆቿ መሃል የምትመርጥ እናት ምን ዓይነት እናት ናት? ጀሪካኔን ይዤ ተመልሼ ቦኖው ጋ ሄድኩና ተቀመጥኩ። እስካሁን የተቀመጥኩ ይመስለኛል። አምና ስታመም ዳዊት አጠገቤ አድሮ ሲጠይቀኝ ነገርኩት፤ ይዤው እንዳልሄድ ብዬ ነው።”

ማንም አልሳቀም። ፊልሙ ይሄዳል፤ የሚያየው ግን ያለ አይመስለኝም። ጽጌ ለረጅም ጊዜ አየችኝና፣ በጆሮዬ፣

“እኔ በዚያ ታሪክ ነው እኮ ያገባሁህ” አለችኝ።

“አውቃለሁ።”

“ታዲያ ያገባሁት ማንን ነው?”

“የሚያለቅሰውን።”

አሰበችበት። “እሱስ ቢሆን” አለች፣ “ዛሬ ቆሟል።” ከዚያ ግን እስከ ፊልሙ መጨረሻ እጇን ከእጄ ውስጥ አላስገባችም። እንደገባኝ ጉዳዩ ገና በይደር ነው።

ፊልሙ ሲያልቅ መስፍን ወንበሩ ላይ የለም። ወጣቶቹ እጁን ሊጨብጡት ሲነሡ በጓሮ በር ወጥቷል። እኔ ልከተለው ስል ስልኬ ጠራ፤ ዳዊት ነው።

“ጋሼ… አየኸው?”

“አየሁት።”

“ብቻህን ነው ያየኸው አይደል?”

ቤቱን ዞር ብዬ አየሁ፤ ሠላሳ አምስት ሰው ይሆናል።

“አይ፣ ትንሽ ሰው ነበር።”

“ተቆጣህ?”

ለመቆጣት ሞከርኩ። አልመጣልኝም። “ለቅሶውን አሳንሰኸዋል” አልኩት። “እኔ ከዚያ በላይ ነው ያለቀስኩት። ባለቀ ነገር ምን አስጨነቀህ፣ በደንብ ታስለቅሰው ነበር።” ከወዲያ በኩል ዳዊት ሲስቅ ሰማሁ፤ ሳቁ መሃል ላይ ወደ ሌላ ነገር ሲለወጥ እሱም ዘጋው፣ እኔም ዘጋሁት።

መስፍንን ከሕንፃው ጀርባ፣ ደረጃው ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። ወደ ፉሪ ተራራ በኩል ደመና ከብዷል። አጠገቡ ቆምኩ። ስመጣ ያዘጋጀሁት ንግግር ነበረኝ፤ መሃሉ ላይ “ይቅርታ” የሚል ቃል ያለበት። ከአፌ የወጣው ግን፣

“ለምን አዎ እሱ ነው አልክ?” የሚል ነው፤ ያውም በቁጣ።

“ሰው ሰብስበህ” አለ። “ደስ ብሎህ ነበር።”

“መስፍን፣ አንተ እኮ ከክፍል ሁለተኛ ትወጣ ነበር። እኔ ደጋሚ ነኝ።”

“ተወው አሁን።”

“ትምህርት አልወድም ነበር ልትለኝ አይደል?”

“እወድ ነበር” አለ።

መልሱን አልጠበቅኩትም። ይክዳል ብዬ ነበር፤ ቢክድ እኔም እገላገል ነበር። ጎንበስ ብሎ የጫማውን ክር አጠበቀ። መንገድ የለመደ ሰው ነው፤ ለመናገር አይቸኩልም። ይቅርታ የምትለዋን ቃል ያን ጊዜ ነው ያወጣኋት፤ ደርቃ፣ አጥራ። ራሱን ነቀነቀ፤ እሺ ማለቱ ይሁን ተወው ማለቱ አልገባኝም። ከዚያ፣

“አንድ ነገር ልጠይቅህ?” አለኝ።

“ጠይቀኝ።”

“ሁልጊዜ ልጠይቅህ እፈልግና አፍር ነበር። ዘጠነኛ ክፍል፣ ጂኦግራፊ ላይ፣ ምንድን ነበር የምትማሩት?”

ሰዎች፣ በሕይወቴ ብዙ ፈተና ወድቄያለሁ፤ እንደዚያች ጥያቄ ያላበኝ የለም። አንድ ዓመት ሙሉ እሱ ጆንያ ተሸክሞ ያስተማረኝን ትምህርት አሰብኩ፣ አሰብኩ፤ ጭንቅላቴ እንደ መዝገብ ቤቴ ሆነ፤ ፋይሉ አለ ይባላል፣ አይገኝም። የመምህሩ ኮት ታወሰኝ። መስኮቱ ታወሰኝ። በስንት መከራ አንድ ነገር ብቅ አለ።

“ዝናብ” አልኩ። “የዝናብ ዓይነቶች። ሦስት ናቸው።”

“እሺ” አለና ወደ እኔ ዞረ።

“አንደኛው፣ ፀሐይ መሬቱን ታሞቀዋለች፤ አየሩ ሞቆ ሽቅብ ይወጣል፤ ላይ ቀዝቅዞ ይዘንባል።”

መስፍን አንድ ጣቱን አጠፈ።

“ሁለተኛው፣ ሞቃት አየርና ቀዝቃዛ አየር ይጋጠማሉ፤ ሞቃቱ በቀዝቃዛው ላይ ይወጣና ይዘንባል።”

ሁለተኛ ጣቱን አጠፈ። ሦስተኛዋን ይዞ ጠበቀኝ። እኔ ግን አለቀብኝ። “ሦስተኛው…” አልኩ። “ሦስተኛው ደግሞ…” ሰማዩን አየሁ፤ ሰማዩም አልረዳኝም። ጣቱን ሳያወርድ ብዙ ጠበቀኝ። በኋላ ራሱ ተናገረ።

“በደሴ መንገድ ስሄድ” አለ፣ “ጣርማ በር ተራራ ላይ የማየው አለ። ደመናው ከቆላ ይነሣና ዳገቱን እንደ ተጫነ መኪና፣ በከባድ ማርሽ፣ እያቃሰተ ይወጣል። ጫፉ ላይ ሲደርስ አይችልም፤ ጭነቱን እዚያው ያራግፋል። በዚህ በኩል የዝናብ መጥረጊያው አይቆምልህም፤ የመንገዱን ዋሻ አልፈህ በዚያ በኩል ስትወጣ አቧራ ነው። ሠላሳ ዓመት አየሁት። ለምን እንደሆነ የሚነግረኝ ሰው አጣሁ።”

“እሱ ነው!” ብዬ ጮህኩ። “ሦስተኛው እሱ ነው! ተራራ ሲያግደው! ፈተና ላይ መጥቶ ስቼዋለሁ!”

መስፍን ሦስተኛ ጣቱን ቀስ ብሎ አጠፈ። የታጠፉትን ሦስት ጣቶቹን ትንሽ አያቸውና ፈገግ አለ። ከዚያ ደረጃው ላይ ጠጋ ብሎ ለእኔ የምትበቃ ቦታ ለቀቀ።

“አሥረኛ ክፍልስ?” አለኝ።